ይሉኝታ የበላው በርበሬ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ በርበሬ እያዘጋጀሁ በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛላውን በኪሎ በ480 ብር እገዛለሁ፣ የተዘጋጀውን በ750 እሸጣለሁ። ሰፈራችን ያለው ሱፐርማርኬት 1,100 ነው የሚሸጠው። ደንበኛ አላጣሁም፤ እንዲያውም አልችልም እስክል ድረስ ነው የሚያዙኝ። ብሩ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም። አሁን ደግሞ ዛላው 560 ገባ። ዋጋ እንዳልጨምር ደንበኞቼ ጎረቤትና ዘመድ ናቸው፤ ምን ይሉኛል? የምገዛው ሁሌም ከአንድ ሰው ነው፤ ማዳበሪያውን ከፍቶ ማየት እሱን አለማመን ይመስለኛል። ባለፈው ወር አንዱ 6 ኪሎ አዘዘኝና የላከልኝ የክፍያ ስክሪንሾት ሐሰተኛ ሆነ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ስለነበር ሳላረጋግጥ አስረከብኩ። ሳምንት ሳይሞላ በጓደኛዬ ስም 'ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ' የሚል መልእክት መጣ። ላክሁ። ቴሌግራሜ ተጠለፈ፣ በእኔ ስም ከደንበኞቼ ብር ተለመነ። በስንት መከራ አስመለስኩት። ባለቤቴ 'ተዪው ይቅርብሽ' ይለኛል። ልተወው? ወይስ ተበድሬ በርካሽ ጊዜ ብዙ ዛላ ልግዛ? አሜሪካ ያለችው አክስቴም 10 ኪሎ ላኪልኝ ብላኛለች፤ ዋጋ መንገር አፍሬ ዝም ብያለሁ። እህትሽ ከጀሞ።»

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽንም፣ አብረሽ የላክሽውን የደብተርሽን ገጽ ፎቶም ደጋግሜ አየሁ። መጀመሪያ የባለቤትሽን ነገር ልመልስልሽ። አትተዪው። አልችልም እስክትዪ ድረስ ሰው ካዘዘሽ እጅሽ ተወዶልሻል። ያንን በብር የሚገዛው የለም። የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱ ይስተካከላል።

የዋጋ፣ የግዢ፣ የስልክ ሌባና የአክስትሽ ጥያቄ ብለሽ ለያይተሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ሳነበው ግን አንድ ክር ነው ያየሁት። ዋጋ መጨመር አሳፈረሽ። ማዳበሪያ ከፍቶ ማየት አሳፈረሽ። ሞተረኛውን አቁሞ ሂሳብ ማየት አሳፈረሽ። ጓደኛን «ኮዱን ምን ልታደርጊው ነው?» ብሎ መጠየቅ አሳፈረሽ። ለአክስት ዋጋ መናገርም እንዲሁ። ይሉኝታ ነው እህቴ። በርበሬሽን እየበላው ያለው እሱ ነው።

ይሉኝታ ክፉ ነው አልልሽም። ያንቺ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የማይገባው በዚያው በይሉኝታሽ ምክንያት ነው። ከባሕርይሽ አውጥተሽ ጣዪው ብልሽም አትችዪም፤ እኔም አልቻልኩም። የሚቻለው አንድ ነገር ነው። ሰው ፊት ቆመሽ ከመወሰን፣ ቀድመሽ ብቻሽን ወስነሽ ደንብ አድርጊው። ሰው ሲመጣ ደንቡ ይናገርልሽ።

እስቲ ደብተርሽን እንክፈተው። 25 ኪሎ ዛላ በ480፣ 12,000 ብር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጨው፣ ሁሉም ተደምሮ 3,600። ወፍጮና ትራንስፖርት 900። ላስቲክና ስቲከር 500። ድምር 17,000 ብር። ከወፍጮ ቤት ስትመለሺ የመዘንሽው ደግሞ 24 ኪሎ ነው። ከዛላው እንጨቱ ተቀንጥሷል፣ የተበላሸው ተለቅሟል፣ ፀሐይ አድርቆታል፣ ወፍጮውም የራሱን አስቀርቷል። ቅመሙ ገብቶበት እንኳ 25 አልሞላም። 17,000ን ለ24 አካፍዪው። አንዱ ኪሎ 708 ብር ገደማ አስወጥቶሻል።

«በ480 ገዝቼ በ750 እሸጣለሁ» ስትዪ በኪሎ 270 ብር የምታተርፊ ይመስልሻል። የምታተርፊው 42 ብር ነው። ከ24ቱ ኪሎ በሙሉ 1,000 ብር። እሱም ለዘጠኝ ቀን ሥራ፤ ዓይንሽ እየነደደ፣ እያስነጠሰሽ፣ ልጆቹን ከግቢ እያባረርሽ።

እዚያው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ «ለጎረቤት 5 በመቶ ቅናሽ» የሚል አይቻለሁ። 5 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ከ750 ላይ ግን 37 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከ42ቱ ላይ ይህን ስትሰጪ የሚቀርሽ 4 ብር ከምናምን ነው። ዴሊቨሪውንም አንዳንዴ ራስሽ እንደከፈልሽ እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ ያ ሰው በርበሬሽን ሲወስድ አንቺ ከኪስሽ ጨምረሽ ነው የሸኘሽው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የበርበሬ ዋጋ የሚተመነው በሚቀጥለው ማዳበሪያ ነው እንጂ ባለቀው አይደለም። 24ቱን ኪሎ ሸጠሽ 18,000 ብር ያዝሽ። ዛላው 560 ገብቷል። 25 ኪሎ 14,000፣ ሌላው ወጪ ምንም ባይጨምር 5,000፣ በድምሩ 19,000 ብር። አየሽ? አተረፍኩ ብለሽ የቆጠርሽው ብር ያንኑ ማዳበሪያ መልሶ መግዛት አቃተው። የጎደለውን 1,000 ከቤት አስቤዛ ትሞዪዋለሽ። ብሩ የት ይገባል ላልሽው፣ የሚገባው እዚያ ነው። በየዙሩ ያንቺ ገንዘብ ትንሽ ትንሽ እየተቆረሰ ለደንበኛ ይታደላል። ደንበኛውም አያውቀው፤ አንቺም አታውቂው።

ሌላው ወጪ ባይጨምር አልኩ እንጂ ይጨምራል። በርበሬው ከሀላባ ወይም ከማረቆ ነው የሚመጣው። የሚያመጣው መኪና ናፍታና ጎማ፣ የምታሽጊበት ላስቲክ ጥሬ ዕቃ ግን በዶላር ነው የሚገባው። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ የማትደርሺም ብትሆኚ ያ ነገር በላስቲኩ በኩል ጀሞ ድረስ ይመጣብሻል። ስለዚህ ይህን ሂሳብ በየዙሩ አዲስ ሥሪው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የራስሽንም ደመወዝ አስገቢ። ቀንጥሶ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ፣ ደልዞ፣ አስፈጭቶ የሚያመጣልሽ ሰው ብትቀጥሪ በቀን ስንት ትከፍያለሽ? 350 እንበል። ዘጠኝ ቀን 3,150 ብር፤ በኪሎ 131 ይደርሳል። በአዲሱ ዛላ ዋጋ የአንድ ኪሎ ወጪ 792 ነው። አንድ ላይ 923። ለሚፈሰው፣ ለሚበላሸው፣ ለማይመለሰው ዱቤ ትንሽ ጨምሪበትና 950 በዪ። ዴሊቨሪውን ደግሞ የሚያዘው ይክፈል። ሱፐርማርኬቱ 1,100 በሚሸጥበት ሰፈር 950 ያለች ሴት ማንንም አልጎዳችም።

«ደንበኞቼ ምን ይሉኛል» ላልሽው የራሴን ልንገርሽ። ወደ ጽሑፍ ከመምጣቴ በፊት ለአራት ዓመት እንጀራ እየጋገርኩ ለሰፈር ሱቆችና ለቤቶች አከፋፍል ነበር። ጤፍ ሲወደድ ዋጋ መጨመር አሳፈረኝ። ምን አደረግኩ? ሊጡን አሳሳሁ፣ እንጀራውንም ጠበብ አደረግኩት። ማንም አያይም ብዬ ነበር። አንድ ቀን በየሁለት ቀኑ አሥር እንጀራ የሚወስዱኝ እናት በሩ ላይ ቆሙና እንጀራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን አነሡት። በእንጀራው ውስጥ ጣቶቻቸው ይታያሉ። «ልጄ፣ ዋጋውን ጨምሪ እንጂ እንጀራዬን አታሳንሺብኝ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ የማገኘውንና የማወጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሊጡን ወደ ነበረበት መለስኩ፣ ዋጋውን ጨመርኩ። የቀሩብኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኒያ እናት እስከ መጨረሻው አብረውኝ ነበሩ።

ያንቺም ደንበኞች ገበያ ይወጣሉ፤ የዛላውን ዋጋ ከአንቺ እኩል ያውቃሉ። የሚያስከፋቸው ድንገት ሲሆንባቸው ነው፣ ወይም አንዷ በ950 ገዝታ ሌላዋ በ800 እንደወሰደች ሲሰሙ። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ቻናልሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ለጥፊ፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ የዛላ በርበሬ ዋጋ ስለጨመረ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የአንድ ኪሎ ዋጋ 950 ብር፣ የግማሽ ኪሎ 480 ብር ይሆናል። እስከ እሑድ ያዘዛችሁ በቀድሞው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ። አዘገጃጀታችን እንደተለመደው ነው።» በቃ። ይቅርታ አታብዢ፤ የቤትሽን ችግር አትዘርዝሪ። ግማሽ ኪሎውን ግን እንዳትረሺው። 950 በአንዴ የሚከብዳት ሰው 480 አይከብዳትም። ለማሸግ ሁለት ላስቲክ ስለምታወጪ በኪሎ 10 ብር መብለጡ ተገቢ ነው።

ለዘመድና ለጎረቤት ምን ላድርግ ካልሽ፣ ስጦታና ሽያጭ አይደባለቁብሽ። ልትሰጪ ከፈለግሽ ስጪ። ግማሽ ኪሎ አሽገሽ «ይቺ ከእኔ ናት» በዪና ደብተርሽ ላይ «ስጦታ» ብለሽ መዝግቢ። ሌላው ሁሉ በዋጋው ይሸጥ። እንዲህ ሲሆን ስጦታሽም ስጦታ መሆኑ ይታወቅልሻል። 37 ብር ቅናሽ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ወደ ግዢው እንሂድ። ተበድሬ ብዙ ልግዛ ብለሻል። ብድሩን ተዪው። ሐሳቡ ግን መሠረት አለው። ቀይ ዛላ መኸሩ ሲደርስ እየተለቀመ ይደርቅና ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበያው ውስጥ በብዛት ይገባል። ያኔ ሻጩ ይበዛል፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ዐቢይ ጾም ሲቃረብና ሰዉ ፀሐይ ሳለ ብሎ ለክረምት ሲያዘጋጅ ፈላጊው ይበዛል። ክረምት ላይ ያለፈው ዓመት ምርት እያለቀ ነው፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። መንገዱም ይበላሻል። ማንም ተንኮል ባይሠራ እንኳ በዚያ ወቅት ይወደዳል። ነሐሴ ላይ እየተንከራተትሽ የምትገዢውን፣ ጥር ላይ ተረጋግተሽ ብትገዢው ነው የሚያዋጣሽ።

ስንት ልግዛ ካልሽ፣ በወር ሁለት ዙር የምታዘጋጂ ከሆነ 50 ኪሎ ዛላ ትጨርሻለሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለት ወር ብቻ ያዢ፤ 100 ኪሎ። ከዚያ በላይ መጋዘን ይፈልጋል። ገንዘቡን ከአበዳሪ ሳይሆን ከእቁብ አምጪው። አሁን ግቢና ዕጣሽ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ እንዲሆን ከእቁብተኞችሽ ጋር ተነጋገሪ። ዕጣ መቀያየር ያለ ነገር ነው፤ ብዙዎች እንዲያውም ቶሎ የሚወስዱበትን ስለሚፈልጉ ደስ ይላቸዋል።

ስታስቀምጪ ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሺው። ከሥሩ እንጨት ይኑር፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል፣ ጆንያው አየር የሚያስገባ ይሁን። እርጥበት ከገባበት ይሻግታል። ሻጋታ የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ደግሞ በማመስም በመፍጨትም አይጠፋም። የሻገተ ዛላ ካየሽ ሳትሳሺ ጣዪው፤ ልልቀመውና ልቀላቅለው አትበዪ። የሰው ልጅ የሚበላው ነው።

ማዳበሪያ ከፍቶ ማየትን ደግሞ ዛሬውኑ ልመጂው። ከላይ የተደረደረው ዛላ ሁሌም ያማረ ነው። እጅሽን እስከ ክርንሽ ድረስ ወደ መሐል ክተቺ። ቀዝቀዝ፣ ረጠብ ካለብሽ ኪሎ እንዲያነሳ ውኃ ተርከፍክፎበት ሊሆን ይችላል። ውኃውን በ560 ብር ሂሳብ ነው የምትገዢው። ከመሐል አንድ ዛላ አውጪና ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ነቅንቂው፤ ፍሬው ሲንሿሿ ከሰማሽ ደርቋል። ዝም ካለሽ አልደረቀም። ሰውየው ይቀየመኛል አትበዪ። የደረቀ ዛላ የያዘ ነጋዴ ራሱ ነው «ነቅንቂና እዪ» የሚልሽ።

አንድ አቅራቢ ብቻ መያዝሽ ደግሞ ያሰጋኛል። እሱ ቢታመም፣ ቢሰለች ወይም ዋጋ ቢቆልልብሽ የት ትሄጃለሽ? መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሂጂና ሁለት ሦስት ሰው ጠይቂ። ሀላባ ቁሊቶ ወይም ቡታጅራ አካባቢ ዘመድ ወይም የምታምኚው ሰው ካለሽ በስልክ የዕለቱን ዋጋ ጠይቂው። ባትገዢ እንኳ ዋጋውን ካወቅሽ አቅራቢሽ 560 ሲልሽ ትክክል መሆን አለመሆኑን ታውቂያለሽ። አዲስ ሰው ስትሞክሪ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ብቻ ግዢና አስፈጭተሽ ቅመሺው።

በቴሌግራም «ዛላ በጅምላ፣ ከገበያው በ100 ብር ርካሽ፣ ግማሹን ቅድሚያ ላኪ» የሚል ከመጣብሽ ግን እለፊው። ዕቃውን በዓይንሽ ሳታዪ፣ በእጅሽ ሳትነኪ ለማታውቂው ሰው ቅድሚያ አትክፈዪ። ርካሽነቱ ራሱ ማጥመጃ ነው።

ስለ 6 ኪሎው ሳስብ ልቤ ያዘነው ለ4,500 ብሩ ብቻ አይደለም። ያን በርበሬ ለማዘጋጀት 4,250 ብር ገደማ አውጥተሻል። በ42 ብር ትርፍ ይህን ለመተካት ከ100 ኪሎ በላይ መሸጥ ነበረብሽ። ከአራት ዙር በላይ ነው። አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ የሠራው ስክሪንሾት የሁለት ወር ድካምሽን ወሰደ። ዋጋሽ ቀጭን ሲሆን ሌባውም እጥፍ ድርብ ነው የሚጎዳሽ።

ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ ፎቶ ነው። ማንም ሰው ስልኩ ላይ ቁጥሩንና ስሙን ቀይሮ ሊሠራው ይችላል። አጭር መልእክትም ቢሆን ላኪውን እዪ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ስልክ የመጣ «ክፍያ ተፈጽሟል» የሚል መልእክት ቃሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም የሌባ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የራስሽን መተግበሪያ ክፈቺና ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ብሩ ካለ አለ። ከሌለ የለም። ኔትወርክ ነው፣ ይዘገያል፣ ሲስተም ነው ቢሉሽ፣ «እሺ፣ ሲገባ እልካለሁ» በዪ።

ደንቡን ቻናልሽ ላይ ከዋጋው ሥር ጻፊው፦ «ዕቃ የሚወጣው ክፍያው ሂሳባችን ውስጥ መግባቱ ሲረጋገጥ ነው።» ሞተረኛው በር ላይ ሲቆም ያንን ጽሑፍ ነው የምታሳዪው። «ወንድሜ፣ ደንባችን እንዲህ ነው። ግባና ፀሐይ ከሚመታህ ቁጭ በል፤ ውኃ ልስጥህ?» በዪው። ለሰውየው አክብሮትሽ አልጎደለም፣ በርበሬሽም አልወጣም። እውነተኛ ገዢ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። የሚጮህብሽ፣ የሚያጣድፍሽ፣ «አታምኚኝም እንዴ?» የሚልሽ ሰው ካለ የበለጠ ጠብቂ። ሌባ የሚሠራው በጥድፊያና በይሉኝታ ነው። ደግሞ አንዱ ይደውልና «በስህተት ብር ልኬብሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ፣ የሰው ገንዘብ ነው» ሊልሽ ይችላል። ያኔም መጀመሪያ ሂሳብሽን እዪ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በገዛ እጅሽ መልሰሽ አትላኪ፤ በባንኩ ወይም በቴሌብር በኩል እንዲስተካከል ንገሪው።

የንግድሽን ገንዘብ ከቤትሽ ገንዘብ ለዪ። ሌላ ሂሳብ ክፈቺና የበርበሬው ብቻ እዚያ ይግባ። ሂሳብ ማመሳከር ይቀልሻል፤ ችግር ቢመጣም ሁሉም በአንድ ላይ አይሄድም። የሚስጥር ቁጥርሽ የልደት ዓመትሽ ከሆነ ዛሬ ቀይሪው። ስልክሽ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለሽ ሲሙን አዘጊ፣ ባንክሽንም ወዲያው አሳውቂ።

ወደ ቴሌግራሙ ስመጣ፣ ያቺ የመጣችልሽ አምስት አኃዝ የቤትሽ ቁልፍ ናት። ቴሌግራም ኮዱን ሲልክ ለማንም እንዳትሰጪ ብሎ ይጽፍልሻል። የጠየቀሽ ሰው ጓደኛሽ ቢሆን፣ እህትሽ ቢሆን፣ የቴሌግራም ሠራተኛ ነኝ ቢል፣ መልሱ አንድ ነው። አትስጪ። የጓደኛሽ ስምና ፎቶ ስላለበት አመንሽ፤ እሷም እንዳንቺው ተጠልፋ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መልስ ከመጻፍሽ በፊት ደውዪላት። ድምፅዋን ስሚ።

አሁን ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትነሺ ስልክሽን አንሺ። ቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ግቢ፤ ግላዊነትና ደኅንነት የሚለውን ክፈቺ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪና የራስሽን የይለፍ ቃል አድርጊበት። መልሶ ማግኛ ኢሜይልም አስገቢ፤ ቃሉን ብትረሺው የሚያድንሽ እሱ ነው። ይህ ከተደረገ አንድ ሰው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ አይገባም። ቀጥለሽ «መሣሪያዎች» የሚለውን እዪ። አካውንትሽ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተዘርዝረዋል። የማታውቂው ካለ አስወጪው። እንደገና ከተጠለፍሽም ፍጠኚ። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ አንቺ ግን በቆየው ስልክሽ እሱን ታስወጪዋለሽ። ያ ክፍተት ጥቂት ሰዓት ነው። ስላፈርሽ ወይም ስላለቀስሽ እንዳያልፍሽ።

የደንበኞችሽን ስምና ስልክ ደግሞ በደብተር ገልብጪና ቤት አስቀምጪ። ያን ዕለት ደብተሩ ቢኖርሽ ኖሮ «ብር የምጠይቀው እኔ አይደለሁም» ብለሽ በአንድ ሰዓት ለሁሉም ትደውዪ ነበር።

እነሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ እንዳትዪ። በስምሽ ተለምኖ ገንዘብ የላከ ሰው ካለ አንድ በአንድ ደውዪላቸው። የሆነውን ሳታሳጥሪ ንገሪያቸው። የላኩበትን ማስረጃ ሰብስቢ፤ ከአንቺ ሐሰተኛ ስክሪንሾት፣ ከሰውየው ስልክ ቁጥርና ከሞተረኛው ቁጥር ጋር አድርገሽ ለፖሊስ አመልክቺ፣ ገንዘቡ የተላከበት ባንክም ይወቀው። በኮምፒውተር ተጠቅሞ ማጭበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ብሩ ላይመለስ ይችላል። ግን ያ ሰው ነገ ሌላዋን ሴት ሲያታልል ያንቺ ማመልከቻ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል። ቻናልሽ ላይም አንድ መልእክት ከላይ ይለጠፍ፦ «የምንቀበልበት ሂሳብ ይህ ብቻ ነው። ብድር አንጠይቅም። የሂሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ከመጣባችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።» ደንበኛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያይ የበለጠ ያምንሻል።

የቀረችው አክስትሽ ናት። እሷ እኮ ዋጋ ብትነግሪያት አትቀየምም፤ 10 ኪሎ ለራሷ ብቻ አይደለም፣ ለጓደኞቿም ጭምር መሆን አለበት። ዛሬ ደውዪላትና እንዲህ በያት፦ «እታባ፣ ሁለቱ ኪሎ ከእኔ ስጦታ ነው። ስምንቱን ለሰው የምታከፋፍዪው ከሆነ ኪሎው 950 ብር ነው፤ 7,600 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ሲገባ አዘጋጅቼ ለሚመጣው ሰው አስረክባለሁ።» ይዞ የሚሄደውን ሰውም ቀድማ ታናግርልሽ፤ 10 ኪሎ ከሻንጣው ላይ ብዙ ነው። ሁለት ላስቲክ ደራርበሽ እሸጊው፣ አፉን በፕላስተር አጥብቂ፣ ከላዩ ላይም የተዘጋጀበትን ቀን ጻፊበት።